ቤተ ክርስቲያን የማፈርስበት መዶሻ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ዕቃዬን አስረከብኩ። የቅርንጫፍ መቀስ፣ አካፋ፣ መጋዝ፣ ተጣጣፊ ወንበር፣ አንድ ጥቅል ቀይ ክር፣ በመጨረሻም እጀታው በእጄ ላብ የጠቆረ መዶሻ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ወጣት ነው፤ እያንዳንዱን እያነሳ ያገላብጣል። መዶሻው ላይ ሲደርስ «አትክልተኛ በመዶሻ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

«ቤተ ክርስቲያን አፈርስበታለሁ» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ኬክ ቆርሰው የእጅ ሰዓት ሸለሙኝ። ከእንግዲህ የትም በሰዓቱ መድረስ የማይጠበቅበትን ሰው ሰዓት የሚሸልሙት ምን አስበው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ባለቤቴ ጥሩነሽ «አንተ መቼም ሰው በደህና የሚሰጥህ አይመስልህም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤ የመጀመሪያ ሥራዬም ይህንኑ አጸናብኝ።

ወጣትነቴን የጨረስኩት ድሬዳዋ ጉምሩክ በፈታሽነት ነው። ባቡር በገባ ቁጥር የሰው ጓዝ እበረብራለሁ። ሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ሬዲዮ፣ የሕፃን ፍራሽ ውስጥ ሽቶ፣ እርጉዝ መስላ በመጣች ሴት ወገብ ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ፣ ያላየሁት የለም። አለቃዬ የነበሩት ሽማግሌ «የሚንተባተበውን ልቀቀው፣ ፈገግ የሚለውን ፈትሸው» ይሉኝ ነበር። ደግሞም «ሰው መጀመሪያ ስትጠይቀው አዘጋጅቶ ያመጣውን ይነግርሃል፤ እውነቱ ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ ነው የሚመጣው» ብለው አስተምረውኛል። ይህች ትምህርት አትላንታ ላይ ጉድ ሠራችኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ በጅቡቲ በኩል አሜሪካ ገባሁ። መጀመሪያ አትላንታ መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጠብኩ። ቀጥሎ ከከተማው ወጣ ብሎ ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለ የአንድ ሆስፒታል ወለል ስወለውል ቆየሁ። የጽዳት አለቃችን የሳሙና መጋዘኑን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው ነበር፤ ወደድኩት፤ ጠርጣራ ጠርጣራን ያውቃል። አትክልተኛ የሚፈልግ ትልቅ ቤት እንዳለ የነገረኝ እሱ ነው። ደመወዙ ከሆስፒታሉ እምብዛም አይሻልም ነበር፤ ግን የወለል መወልወያ ሽታ ሰልችቶኝ ስለነበር ሄድኩ።

ቤቱ ባልኬሪ ይባላል። ያኔ ገና ዛፍ በሚበዛበት የሳንዲ ስፕሪንግስ ዳርቻ፣ ኮረብታ ላይ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። የመጀመሪያ ቀን ከአውቶቡስ ወርጄ የውጭውን በር አልፌ ብገባ ቤት የለም። መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ዛፍ። ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ዛፍ። ቀጥ ብሎ መሄድ እየቻለ ይጠማዘዛል። በጠማማ መንገድ የሚመጣ ግመል ምን እንደሚጭን ስለማውቅ ነገሩ ሸተተኝ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ግን ዛፉ ድንገት ተከፈተና ቤቱ ከነማማው ፊቴ ድቅን አለ። ለካ መንገዱን ያጠማዘዙት እንግዳው እንዲደነግጥ ብለው ነው።

የቤቱ ባለቤት ሚሲስ ሌዝሊ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጓንት ከእጃቸው የማይለይ አሮጊት ነበሩ። የቤቱን ታሪክ ለአዲስ ሠራተኛ ራሳቸው ይናገራሉ። የአያታቸው አባት ስኮትላንድ ውስጥ ባልኬሪ በሚባል የባላባት ርስት አትክልተኛ ነበሩ። አያትየው ልጅ ሳሉ በዚያ ቤት ዋና በር አልፈው አያውቁም፤ የአትክልተኛ ልጅ የሚገባው በጓሮ ነው። አድገው አሜሪካ መጡና በጥጥ ፈትል ፋብሪካ ከበሩ። በስተርጅናቸው የድሮው ቤት ጌቶች ከስረው ቤቱን ሊያፈርሱት መሆኑን ሰሙ። ደረጃውን፣ የእሳት ምድጃዎቹንና የበሩን ምሰሶ ገዝተው በመርከብ አስጫኑ። ከዚያም በጆርጂያ ቀይ አፈር ላይ ያንኑ ቤት፣ ያንኑ መስክ አስደገሙት። ጅረቱን ገድበው ሐይቅ አደረጉት፤ ጉብታውን ቆርጠው አለሰለሱት፤ ዛፉን እዚህ አንድ ቡድን፣ እዚያ አንድ ቡድን አድርገው አስተከሉ። ሲያዩት እግዜር እንዲሁ የፈጠረው ይመስላል፤ ግን ሰው ያላሰበበት አንድ ጉብታ የለም።

«አያቴ ያንን ቤት በጣም ይወዱት ነበር» አሉኝ ሚሲስ ሌዝሊ።

አልዋጥልህ አለኝ። አባትህን በጓሮ በር ያስገባ ቤት ይወደዳል? ውቅያኖስ አሻግሮ ደረጃ የሚያስጭን ፍቅር ሳይሆን ቂም ነው ብዬ ደመደምኩ።

ዋናው አትክልተኛ ሚስተር ማክሬ ይባላሉ። መስኩን የነደፉት አጎታቸው ነበሩ፤ እሳቸው ወጣት ሆነው አብረው መጥተው እዚያው አረጁ። ሚስት ልጅ የላቸውም። የሚኖሩት ሐይቁ ዳር በተሠራች ትንሽ የድንጋይ ቤት ነው። እኚህ ሰው ምክንያት መናገር አይወዱም፤ ምንም ብጠይቃቸው መልሳቸው «ተመልከት» ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ተጣጣፊ ወንበራቸውን ይዘው በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ፊት ይቀመጡና ወደ ሐይቁ ያያሉ። ሌላው ሲሠራ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው እኛ ዘንድ ስሙ ይታወቃል፤ እየሰለሉን መሰለኝ። ከዚያ ይነሱና ከኪሳቸው ቀይ ክር አውጥተው አንድ ቅርንጫፍ ላይ ያስራሉ። ሳምንት ሙሉ ዝር አይሉበትም።

ይህን ለጥሩነሽ ነገርኳት። «በስመ አብ! ቀይ ክር ዛፍ ላይ? መተት እንዳይሆን፤ አንተ እንዳትፈታው» አለች።

እኔም ለጊዜው በዚያ ዛፍ ሥር ማለፍ ተውኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ክሩ የታሰረበት ቅርንጫፍ ለመቆረጥ የታጨ ነው። ሽማግሌው በየጠዋቱ ቅርንጫፉን እንደሌለ አድርገው እያሰቡ ያያሉ፤ ዝናብ ሲዘንብ፣ ፀሐይ ሲወጣ ያያሉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ወይ ይቆርጡታል ወይ ክሩን ፈተው ይሄዳሉ። ብዙውን ጊዜ ይፈቱታል። እኔ በዚህ ሥራ የኖርኩት በዚያ ክር ነው፤ ዛሬም ሎረንስቪል ጓሮዬ ያለችው የኮክ ዛፍ ክር ታስሮባት ቆማለች።

አንድ ቀን ደግሞ ሣር ሳጭድ ከነማጨጃዬ ገደል ልገባ ምንም አልቀረኝ። ከቤቱ ሲታይ ሜዳው ሳይቋረጥ እስከ ከብቶቹ ይዘልቃል፤ ላሞቹ ሳሎን የሚገቡ ነው የሚመስለው። ለካ መሀል ላይ ጥልቅ ቦይ አለ፤ ከብቱን የሚያግደው ግንብ ቦዩ ውስጥ ተደብቋል። እኛ አገር ሰው አጥሩን የሚያጥረው እንዲታይለት ነው። ይህን ያህል ሀብት ያለው ሰው አጥሩን ምን ቢያደርግ ነው የሚደብቀው? ማክሬን ጠየቅኋቸው። ወንበራቸውን ሰጥተውኝ «ተመልከት» አሉ። ተቀምጬ አየሁ። አጥር የለም፤ ዓይን እስከሄደበት ድረስ ሁሉም የቤቱ ነው። ውሸቱን ወደድኩት። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ በባልኬሪ እግሬን ሳላስቀድም በበትር እየነካሁ ነበር የምሄደው።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ልምጣ። ሐይቁ ዳር፣ ከማክሬ ቤት አለፍ ብሎ፣ የፈረሰች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ጣሪያ የላትም፣ በር የላትም፤ አንደኛው ግድግዳ እስከ ወገቡ ወርዷል፤ ሐረግ ወርሷታል። መጀመሪያ ያየኋት ዕለት ጫማዬን አውልቄ ደጇን ተሳለምኩ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ሳልሳለማት ሥራ አልጀምርም። ያኔ እኛ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም። የሌሎችን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ለምነን፣ እነሱ እሑድ ፕሮግራማቸውን ሲጨርሱ እየገባን ነበር የምናስቀድሰው። ሀብታም ግቢ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ወድቃ የአይጥ መጫወቻ ስትሆን ማየት አንጀቴን በላው።

የባሰው ግን በክረምቱ መውጫ የመጣው ነው። አንድ ጠዋት ልሳለም ስሄድ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ሚስተር ማክሬ መሰላል ላይ ቆመው ግድግዳውን እየመቱ ድንጋይ ያወርዳሉ! ቀስ ብለው፣ እያስተዋሉ፣ አንድ ይመቱና ወርደው ራቅ ብለው ያያሉ።

ደሜ ፈላ። «ሚስተር ማክሬ፣ ይህች የማን ቤተ ክርስቲያን ናት?» አልኳቸው።

«የማንም አይደለችም።»

ሁለተኛ ጠየቅሁ። «ድሮስ የማን ነበረች?»

«የማንም ሆና አታውቅም» አሉና መዶሻቸውን ወለወሉ።

ሁለቴ ተጠይቆ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ሰው አጥንቶ የመጣ ነው። ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ርስቱ ሲገዛ እዚያ የሚጸልዩ ድሆች ነበሩ፤ አባረዋቸዋል፤ ይኸው አሁን ማስረጃውን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ያጠፋሉ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን ዓይኔን ከሰውየው ላይ አላነሳሁም።

በዚያው ዓመት ሚሲስ ሌዝሊ ሠራተኞቹን ሰብስበው አንድ ነገር አስታወቁን። ከስቴቱ የቅርስ ሹሞች አንዷ መጥታ ባልኬሪን ልታይ ነው። ቤቱና መስኩ አንድ ሆኖ እንደተነደፈ ከተቀበለችው ማንም ሊከፋፍለው አይችልም። ካልተቀበለችው ግን የሚሲስ ሌዝሊ የወንድም ልጅ የሐይቁን ወገን ድርሻዬ ነው ብሎ ለአፓርትመንት ሠሪዎች ሊሸጠው ቆርጦ ተነስቷል። የማክሬ ቤት ያለችው በዚያው ወገን ነው። ሽማግሌው ይህ ሁሉ ሲነገር መሬት መሬት ያዩ ነበር። ወዲያው ደግሞ ዳሌያቸው ኦፕራሲዮን ሊሆን ሆስፒታል ገቡ፤ ሚሲስ ሌዝሊም ሳቫና ከተማ እህታቸው ዘንድ ሄዱ። ማክሬ ግቢውን ለእኔ ሲተዉልኝ «ሐይቁ ዳር ምንም እንዳትነካ። ተመልከት ብቻ» አሉኝ።

ምንም አትንካ! ይህን የሚል ሰው ስንቱን ጓዝ አስፈትቻለሁ።

ወልዴ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። አገር ቤት ግንበኛ ነበር፤ አትላንታ ግን ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ሲያስቆም ይውላል። ከጥሩነሽ ጋር ወስጄ አሳየሁት። ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰና እንባው መጣ።

«ውሃ ዳር ናት፤ ሚካኤል ናት» አለ።

«ኪዳነ ምሕረት ናት» አለች ጥሩነሽ።

«የማንም ትሁን» አልኩ እኔ። «እንግዳ ሊመጣ ነው። ኢንስፔክተር እየመጣች የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ማሳየት ለግቢውም ነውር ነው። አምራ ካየቻት ሁሉንም ትቀበላለች።»

«እኔ ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፤ ሲሚንቶ ፒክ አድርገህ ጠብቀኝ» አለ ወልዴ።

ጥሩነሽ ስንቅ እየያዘች፣ ወልዴ እየገነባ፣ እኔ ድንጋይ እያቀበልኩ በየቅዳሜው ሠራን። ሐረጉን ከሥሩ ነቀልን። የወረደውን ግድግዳ አነሳን። አዲስ ቆርቆሮ አለበስናት፤ ከውጭ በኖራ ለቀለቅናት። ወልዴ በሐይቁ በኩል ባለው አንድ ድንጋይ ላይ ትንሽ መስቀል ቀረጸ። በመጨረሻ እኔ በር ሠርቼ ገጠምኩላት፤ በሩ ላይም ቁልፍ አደረግሁ፤ ለማን ይታመናል? ስንጨርስ ሦስታችንም ቆመን አየናት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ኢንስፔክተሯ የመጣች ዕለት ሚሲስ ሌዝሊ ከሳቫና ተመልሰዋል፤ ማክሬም በምርኩዝ ከሆስፒታል መጡ። እንግዳ የሚጀምረው ከቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ነው። ሚሲስ ሌዝሊ መጋረጃውን ራሳቸው ከፈቱት። ሜዳው፣ ላሞቹ፣ ሐይቁ፣ ከሐይቁ ማዶ ቆርቆሮው ፀሐይ ላይ ቦግ ብሎ ዓይን ይወጋል።

«ያ ምንድን ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሚሲስ ሌዝሊ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠው ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለእሷ ሲነግሩ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ሰማሁ። ስኮትላንድ ያለው ሐይቅ ዳር እውነተኛ የድሮ ፍርስራሽ ነበር። አያታቸው በልጅነታቸው የሚጫወቱት እዚያ ነበር፤ ከርስቱ ሁሉ በር የሌላት ቤት እሷ ብቻ ስለነበረች ማንም አልከለከላቸውም። ስለዚህ እዚህም ሲሠሩ መጀመሪያ ያስሠሩት እሷን ነው። ግንበኞቹ አዲስ ሠርተው ሲጨርሱ በእጃቸው አፈረሷት። ከዚያ ቤቱን፣ መስኮቱን፣ ሐይቁን፣ ዛፉን ሁሉ ከዚህ ወንበር ስትታይ እንድታምር አድርገው አስተካከሉት። መቼም ቤተ ክርስቲያን ሆና አታውቅም፤ ማንም አልጸለየባትም።

የማንም ሆና አታውቅም። እውነቱን ነግረውኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ። እኔ ደግሞ በር የሌላትን ብቸኛዋን ቤት በር ገጥሜ ቁልፍ አድርጌባታለሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ኢንስፔክተሯ ማን እንደሠራው ጠየቀች። አፌን ስከፍት ማክሬ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱና «አትክልቱ የኔ ኃላፊነት ነው። እኔን ጠይቂኝ» አሉ። «ቅጠሉ ሲረግፍ ተመልሰሽ ነይ።»

«የምጽፈው ያየሁትን ነው» አለች። «ያኔ የማየውን ያኔ እጽፋለሁ።»

ማክሬ አልተቆጡኝም። ይህ ከቁጣ የባሰ አስፈራኝ። ዛሬ ጥፋትህን የሚሸከምልህ ሰው ነገ ዋጋውን ይጠይቅሃል ብዬ አስቤ እንቅልፍ አጣሁ። እንደፈራሁትም በማግስቱ ጠሩኝና መዶሻውን አስጨበጡኝ። «እኔ መሰላል መውጣት አልችልም» አሉ። «አንተ ታፈርሳለህ።»

ወልዴ ጋ ሮጥኩ። «ቤተ ክርስቲያን ያፈረሰ እጅ አይባረክም» አለኝ። «እኔ አልነካትም።»

«ቤተ ክርስቲያን አይደለችም እኮ ነው የሚሉት።»

«አንተ ታምናቸዋለህ?»

ቄሳችን ዘንድ ሄድኩ። «ታቦት ገብቶባት ነበር?» አሉኝ። «እኔ እንጃ፣ አልገባም ይላሉ» አልኳቸው። «አንተ እንጃ ካልክ እኔ በምን አውቄ እፈታሃለሁ፣ ልጄ?» አሉ። ጥሩነሽ ግን «ሰውየው ቤታቸውን ሊያጡ ነው» ብቻ አለች። ነገሩ እዚያ ላይ አረፈ። በሕይወቴ ማንንም በቃሉ አምኜ ጓዙን ሳልፈትሽ አሳልፌ አላውቅም፤ አሁን ግን አንድ ሽማግሌን ማመን አለብኝ፤ ካላመንኩ ሽማግሌው ሜዳ ላይ ይወድቃሉ፤ ካመንኩና ዋሽተው ከሆነ ደግሞ የምጠየቀው እላይ ነው።

ጠዋት ሄድኩ። ቆርቆሮውንና በሩን አነሳሁ። ማክሬ ተጣጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። መሰላል ላይ ወጣሁ፣ መዶሻውን ያዝኩ፣ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ጫማዬን አውልቄ ጣልኩ። አማተብኩ። ይስቁብኛል ብዬ ዞር ብል ሽማግሌው በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመዋል፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። መታሁ።

ማፍረስ እንደዚያ የሚከብድ ሙያ መሆኑን ማን ያውቃል? «ያንን አይደለም» ይሉኛል ከታች። «ውሃው መጀመሪያ የሚያወርደው የቱን ነው? ተመልከት።» ጣሪያ ሲሄድ ውሃ በግንቡ አናት ይገባል፣ በረዶ ይሰነጥቀዋል፣ ጥጉ ቀድሞ ይወርዳል፤ ቅስቱ ግን ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚደጋገፉ ብቻውን ይቀራል። ጫፉ ቀጥ ያለ መስመር ከሠራ ሰው እንዳፈረሰው ያስታውቃል። አንድ እመታለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ኖራውን በሽቦ ብሩሽ ፋቅነው፣ ሐረግ ተከልን፣ ስንጥቁ ውስጥ አፈርና እርጎ ለውሰን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት እንዲያበቅል ቀባነው። የወልዴ መስቀል ያለበት ድንጋይ ላይ ስደርስ መዶሻውን ያዝ አድርጌ አየኋቸው። «እሱ ይቆይ» አሉኝ።

ቅጠሉ ሲረግፍ ኢንስፔክተሯ መጣች። መስኮቱ ጋ ቆማ ብዙ አየች፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ማክሬ እጄን ያዙኝ። ቤቱና መስኩ አንድ ሆኖ ተቀባይነት አገኘ። ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ ከሐይቁ ዳር ቤታቸው አልወጡም፤ ወንበራቸውን፣ ክራቸውንና መዶሻቸውን ለእኔ ትተው አረፉ።

ያ መዶሻ ነው እንግዲህ ያስረከብኩት። ድንጋይ ዝም ቢሉት ሐረግ ይውጠዋል፣ ዛፍ ያበቅላል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ጥቂት መነካካት አለበት። በየዓመቱ ጫማዬን እያወለቅሁ፣ እያማተብኩ ነክቻለሁ። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ሳቁን ጨርሶ «ግን የማን ቤተ ክርስቲያን ናት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የማንም አይደለችም» አልኩት። ወዲያው አመነኝ፤ ሁለተኛ እንኳ አልጠየቀም።

እኔ ብሆን እጠይቅ ነበር። የማንም ካልሆነች ሚስተር ማክሬ ያን ዕለት ባርኔጣቸውን ያወለቁት ለማን ነው?